የጌ ቀለበት

አባቴ የሰው ሚዛን ሲመረምር ኖሮ በገዛ ቤቱ የተታለለ ሰው ነው። ሥራው የሚዛን ተቆጣጣሪነት ነበር። ሥጋ ቤት፣ እህል ቤት፣ ወርቅ ቤት ይገባና ከቦርሳው የናስ መመዘኛዎቹን አውጥቶ አንድ በአንድ እየደረደረ ባለሱቁን ላብ በላብ ያደርገዋል። አንድ ግራም የሚሰርቅ ነጋዴ አባቴን ከሩቅ ሲያይ በጓሮ በር ይሾልካል ይባል ነበር። ይህን የሚለው ግን ራሱ አባቴ ነው።

ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት ገንዳ ነበረው። የጨው ውኃ ነው፤ የባሕር ድንጋይ አለበት፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ጣት የቆሙ፣ እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ ኮራሎች፣ በመካከላቸው ስድስት ዓሦች። ሶፋችን ወደ ኮሪደር የተሰደደው ለዚህ ገንዳ ቦታ ለመልቀቅ ነው። አባቴ እንግዳ ሲመጣ "ኮራል ተክል እንዳይመስላችሁ፤ እንስሳ ነው" ሳይል ወንበር አያቀርብም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሥራ ከመሄዱ በፊት ለወርቅ በተሠራ ትንሽ ሚዛን የዓሦቹን ምግብ ይመዝናል። አንድ ግራም ተኩል። ከዚያ ብልቃጡን ከድኖ ምግቡ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ ያሰምራል፤ ማንም እንዳይነካው።

ቤት ውስጥ አራት ነበርን። አባቴ፣ ሆስፒታል ነርስ የነበረችውና ብዙውን ጊዜ የማታ ተረኛ የምትሆነው እናቴ፣ እኔ፣ እና እታለም የምንላት የአባቴ ታናሽ እህት። እታለም ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። የምታበስለው እሷ ናት፣ የምትተኩሰው እሷ ናት፣ እኔን ትምህርት ቤት የምታደርሰኝና የምትመልሰኝ እሷ ናት። አባቴ ለሰው ሲያወራ "ቤቱ የእሷ ነው" ይላል። የእሷ የነበረው ግን ከእኔ ጋር በምትጋራው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ አልጋና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው።

ታዲያ ሰባት ዓመት የሞላኝ ሰሞን ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አጣብቆ፣ "አልጌ" አለ።

እኔ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የማውቀው አልጋን ነው። አባቴ ደግሞ የተማረ ሰው ስለሆነ ብዙ ቃል ጠምዝዞ ነው የሚናገረው፤ ሌላው ሰው አልጋ የሚለውን እሱ አልጌ ቢለው ምን ይገርማል። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ እውነትም አልጋ ነው። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ፍራሽ ድንጋዩ ላይ ተነጥፏል፤ ብርቱካናማዋ ዓሣ እላዩ ላይ ጋደም ብላለች። ለካ ዓሣም አልጋ አላት ብዬ በጣም ደስ አለኝ። አባቴ ግን እጅጌውን ሰበሰበና በጥርስ ብሩሽ የዓሦቹን አልጋ ይፈገፍግ ጀመር።

ለእኔ ይህ ግልጽ ጭካኔ ነበር። እታለምን "አባዬ ለምንድነው አልጋቸውን የሚያፈርስባቸው?" ብዬ ጠየቅኋት። ድንች እየላጠች ነበር። "ምን አውቃለሁ፤ የሰው ቤት ካልፈተሸ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው" አለችኝ። መልስ መሰለኝ።

አልጌው በተፈገፈገ በሳምንቱ በእጥፍ በቀለ። አባቴ የሆነ መጽሐፍ አነበበና ገንዳውን ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ሸፈነው፤ ብርሃን ካጣ ይሞታል ብሎ ነው። የተሸፈነበት ብርድ ልብስ የእታለም ነበር፤ ቤት ውስጥ ካሉት ወፍራሙ የሷ ስለሆነ እሷ ሦስት ቀን ኮቷን ለብሳ ተኛች። እኔ ግን አባቴ በሥራው ተጸጽቶ አልጋውን እያነጠፈላቸው መሰለኝና ወደድኩት። ከዚያ ሠላሳ ቀንድ አውጣ ገዛ፤ አረንጓዴውን ይግጡታል ብሎ። ገሚሶቹ ጋጡ፣ ገሚሶቹ ተገልብጠው ሞቱ፣ አንዱ በመስታወቱ ወጥቶ በእናቴ ነጭ የሥራ ጫማ ውስጥ ተገኘ። እናቴ ተረኛ ሆና ልትገባ ስትል እግሯን ከታበት ነበር። ያን ቀን የተባለውን እዚህ አልጽፈውም።

በመጨረሻ አባቴ ባለሙያ ጠራ። ዓሦቹን ከገዛበት ሱቅ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ሰው ነው። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተጥፏል። ገንዳው አጠገብ ይንበረከክና ትንሿን ጣቱን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይልሳታል። መለኪያ መሣሪያ በቦርሳው ይዟል፤ መጀመሪያ ግን ይልሳል። ሰውየው ሲሄድ አባቴ "ጨዋ ሰው ነው" አለ። እኔ ጨው ስለሚልስ መሰለኝና ከዚያ ወዲህ ጨዋው አልኩት። እታለም ስሙን ስትሰማ ሳቀች፤ እሷም ጨዋው ትለው ጀመር።

ጨዋው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለአባቴ ጥርት አድርጎ ነገረው፤ "ምግብ እንዳይበዛ። ዓሣ የማይበላው ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው ደግሞ አልጌውን ያደልበዋል።" አባቴ ተሰደበ። እጁን ይዞ ወስዶ ሚዛኑን፣ ብልቃጡን፣ የእርሳስ መስመሩን አሳየው። እታለም የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን፣ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እታለም ወንበር ላይ ወጥታ አየኋት። ሰሃን ይዛለች። ሰሃኑ ላይ በቢላ ደቅቆ የተከተፈ ጥሬ ዓሣ አለ፤ እሷ በጣቷ እያነሳች ገንዳው ውስጥ ትበትናለች። ዓሣን ለዓሣ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ያሳዝኑኛል" አለችኝ። "አባትሽ በግራም ነው የሚያበላቸው።"

"ለአባዬ ልንገረው?"

"የሆድን በሆድ ነው፣ የኔ እመቤት። እኔና አንቺ ብቻ።"

ምስጢር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በደረቴ አቅፌ ይዤው ዞርኩ፤ አንድ ቀን አልተነፈስኩም። ሰው እንዲህ ያለ ምስጢር የጠበቀች ልጅ ሌላውን እንዴት ዘረገፈችው ይላል። ሌላው ምስጢር ነው ብሎ የነገረኝ የለማ።

አሁን ሳስበው ይህች ሴት ምን ያህል ደፋር ነበረች እላለሁ። ብልቃጡን አልነካችም፤ መስመሩ አልወረደም። የሰው ሚዛን የሚያስጨንቀው ወንድሟ በየጠዋቱ አንድ ግራም ተኩሉን እየመዘነ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ እሷ በየከሰዓቱ ግማሽ ዓሣ ትጨምራለች። አልጌው ጮማ ቆረጠ። ድንጋዩ ላይ ያለው ፀጉር ረዝሞ በፓምፑ ሞገድ ይተኛና ይነሳ ነበር፤ ኮራሎቹ ከሥሩ ታፍነው ጫፋቸው ነጣ። ጨዋው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ግድ ሆነበት።

ቅዳሜ እታለም ሰማያዊ ቀሚሷን ትተኩሳለች። የገላ መታጠቢያ ቀን ስለሆነ መሰለኝ። ጨዋው መጀመሪያ "እርስዎ" ይላት ነበር፤ "ባልዲውን ቢያቀብሉኝ"። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ "ባልዲውን አቀብዪኝ" አላት። ምን አጥፍታ ነው ክብሯን የቀነሰባት ብዬ አዘንኩላት፤ እሷ ግን ያን ቀን ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ጨዋው ከድንጋይ ሥር በመቆንጠጫ የሆነ ነገር አወጣ። የዓሣ አጥንት ነው፤ ቀጭን፣ እንደ መርፌ። ገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ስድስቱም በሕይወት አሉ። አጥንቱን አገላብጦ አየው፣ ቀና ብሎ እታለምን አያት፣ ከዚያ ሳይናገር ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። አባቴ በባልዲ ውኃ እያመላለሰ ስለነበር አላየም። እኔ አጥንት የሚሰበስብ ሰው ነው ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አወራሁ።

እንግዲህ ነገሩ የተባለበት ቅዳሜ እንዲህ ነበር። አባቴ መታጠቢያ ቤት ባልዲ ያጥባል። ፓምፑ ይጮሃል። ጨዋው ከገንዳው ጀርባ ተንበርክኳል፤ እታለም ባልዲ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። እኔ ወለሉ ላይ ከቀንድ አውጣዎቹ አንዱን እጠብቃለሁ።

"ሥራ ይበዛብሃል" አለችው። "አንድ ቀን ይደክምህና ትቀራለህ።"

"አልቀርም። አልጌው እስካለ ድረስ እመጣለሁ" አላት።

እሱም እንደ አባዬ ጠምዝዞ ነው የሚናገረው፤ የተማረ ሰው ነው አልኩ በልቤ። እታለም ባልዲውን ለቀቀችው። ውኃው ምንጣፉ ላይ ተደፋ፣ ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ። ውኃው ቀዝቅዟት መሰለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ምሳ ላይ አራታችንም ነበርን። አባቴ ሹካውን አስቀምጦ "ይሄ ሰውዬ ጣቱን ከመላስ በቀር የፈየደው ነገር የለም። ላሰናብተው ነው" አለ።

የእታለም እጅ ጭልፋው ላይ ቆመ። ፊቷን አየሁት። ልጅ ብዙ ነገር አይገባው ይሆናል፤ የሚወደው ሰው ፊት ሲጠቁር ግን ይገባዋል። ላድናት ፈለግሁ። የማውቀውን ማስረጃ ሁሉ ይዤ ዘው አልኩ።

"አባዬ፣ እሱ እኮ አይቀርም። ለእታለም ነግሯታል። አልጋው እስካለ ድረስ እመጣለሁ ብሏታል።"

የአባቴንና የጨዋውን ጥምዝምዝ አነጋገር ወደ ተራ ሰው አማርኛ መለስኩት ማለት ነው። ጥርት ባለ ጋ።

ዛሬ ማተሚያ ቤት ፊደል አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት በቀይ እከባለሁ፤ ጌ ጋ ሆና ስትመጣ እጄ ላይ ላብ ይወጣል። ልዩነታቸው አንዲት ቀለበት ናት፤ ጌ እግሯ ላይ ታደርጋለች፣ ጋ የላትም። እኔ በሰባት ዓመቴ ያቺን ቀለበት ከምላሴ ጣልኳት፤ አክስቴም ጣቷ ባዶ እንደሆነ ቀረ።

"የምን አልጋ?" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

"ያ ለስላሳው ነዋ።"

አባቴ ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺ። እውነት ነው?"

እታለም ጭልፋውን አስቀመጠች። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ራሷን ቀና አድርጋ ዓይኑን እያየች "ልጅቷ የሰማችውን ነው የተናገረችው" አለች። ያመሰገነችኝ መሰለኝና ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

እናቴ ውኃ እየጠጣች ትን አላት። እንደዚህ ትን ሲላት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ልትሞት ሰሞን ጠየቅኋት፤ ወዲያው ገብቷት ኖሯል። ነርስ ናት፣ አልጌ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ እኔ ቃል እንደማጣምምም ታውቃለች። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ምን ላድርግ ልጄ፤ የማታ ተረኛ ነበርኩ። እሷ ብታገባ አንቺን ማን ይይዝልኝ ነበር" አለችኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ይህንን ግን ይቅር ያልኳት አይመስለኝም።

አባቴ ኮሪደር ላይ ያለውን ስልክ አነሳ። "ከእንግዲህ ቤቴ ድርሽ እንዳትል። ምክንያቱን ራስህ ታውቀዋለህ" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋው። ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለችው አጥንት ትዝ ሳትለው አልቀረችም። ተደረሰብን፣ እሷም በእኔ ምክንያት ተዋረደች ብሎ ይሆናል። ደውሎም መጥቶም አያውቅም። አባቴ ስልኩን አስቀምጦ ሲመለስ "ጨዋ መስሎኝ" አለ። እኔ ደግሞ አባዬ የዓሣ አልጋ የሚፈራው ለምንድነው እያልኩ አስብ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ እታለም ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሳ ለበሰች። እስከ ምሳ ሰዓት የኮሪደሩ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ደወሉ አልጮኸም። ተነስታ ቀሚሷን ቀየረችና ወጥ ቤት ገባች፤ ከዚያ በኋላ ዓሣ ስትከትፍ አላየኋትም።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ አልጌው ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ ከድንጋዩ እየተላቀቀ ጠፋ። ማን ያብላው። ሞገዱ ብጭቅጫቂውን ሲወስደው ለብርቱካናማዋ ዓሣ አለቀስኩላት። አባቴ ግን እንዲያ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ጠርቶ ገንዳው ፊት ንግግር አደረገ፤ ዲሲፕሊን፣ ልኬት፣ ትዕግሥት። "ባለሙያ ነኝ ባይ አቃተው፤ እኔ በአንድ ግራም ተኩል ድል ነሳሁት" አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እታለም ብርጭቆ እየሰበሰበች ታልፍ ነበር። ንግግሩን ለሃያ ዓመት ያህል ለመጣ ሁሉ ደገመው፤ በየጊዜው ድሉ ይተልቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሳይነግረው ሞተ።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን እውነትም ቤቱ የእታለም ነው። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ገንዳው ደርቆ የክርና የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል። ባለፈው ወር ክር ልለይላት ሄድኩ። መስታወቱ ጥግ ላይ፣ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ፣ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ ደርቃ ቀርታለች።

"እታለም፣ ያን ቀን ምሳ ላይ ያልኩትን ታስታውሻለሽ?"

"የትኛውን ቀን? አንቺ ስንቱን ብለሻል።"

ሁሉንም ነገርኳት። አረንጓዴው ፍራሽ፣ ጋደም ያለችው ዓሣ፣ አባቴ የደረበላቸው ብርድ ልብስ። እስክትንፈራፈር ሳቀች። መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። "የዓሣ አልጋ። እኔ ደግሞ በኮት ተኝቼ" አለች።

ሳቋ ደፋፈረኝ። አራሚ ስህተት አግኝታ መሃል ላይ አታቆምም።

"እና ሰውየው እኮ አልጋ አላለሽም። አልጌ ነው ያለው። ስለዚያ ስለ አረንጓዴው ነገር ነው ያወራው። አባዬ በከንቱ ነው ያባረረው፤ ምንም አላጠፋም። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።"

ሳቋ ቆመ። "አልጌ?"

"አልጌ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንደ አባዬ ጠምዝዞ ነው ያለው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።"

ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠመጠመች። "እኔ አልጋ ነው የሰማሁት" አለች። "ፓምፑ ይጮህ ነበር።"

እጄን ገንዳው ጥግ ላይ አስደገፍኩ።

"ባለጌ ነው ብዬ መቆጣት ነበረብኝ። አልተቆጣሁም። ወንድሜ ሲጠይቀኝ ያልካድኩት ለዚያ ነው፤ ብክደው የሚጠፋብኝ መሰለኝ። በዕድሜዬ አንድ ሰው ፈልጎኝ፣ አፍ አውጥቶ ተናግሮኝ ነበር እያልኩ ነው ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ቤት የጠረግሁት። አሁን ደግሞ አልጌ ነው በይኝ።"

"ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኩ ቶሎ ብዬ። "የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮ ምን ይታመናል። አልጋ ብሎሽ ይሆናል።"

"ካፍ ከወጣ አፋፍ" አለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"አጥንቱንስ? አይቶሽ ኪሱ ውስጥ ከተተው አይደል? ምንም ባይሆን ለምን ይደብቅልሽ ነበር?"

"ጨዋ ሰው ስለነበር ነዋ" አለች እታለም።

ለካ እጄ ሥራ አልፈታም፤ ጥፍሬ ሳላውቀው ጥጉ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ይፍቅ ነበር። ግማሿ ተነስታለች። እታለም አንገቷን አስግጋ አየችና እጄን ያዘችኝ።

"እሷን እንኳን ተዪልኝ" አለች።